ስሙ የማይጠራው በሽታ

ከአዳማ ተነሥቶ ወደ ደቡብ የሚያቀና መንገደኛ አዋሽን ተሻግሮ፣ ዴራንና ኢተያን አልፎ አሰላ ሲገባ፣ ቆላ ሳለ ያወለቀውን ኮት መልሶ መደረቡ አይቀርም። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች፤ ከጀርባዋ ደግሞ አራት ሺህ ሜትር የሚደርሰው ጭላሎ ተገትሯል። ከዚያ ወደ ሳጉሬና ወደ በቆጂ በተዘለቀ ቁጥር ብርዱ ይጠናል። ይህ የአርሲ ደጋ በስንዴው፣ በገብሱና በሯጮቹ ስሙ የተጠራ አገር ነው። በሌላ ነገር የሚያውቁትም አሉ፤ ጥቂቶች ናቸው፤ ብዙዎቹም በሩቅ አገር ተቀምጠው የሐሩር ክልል በሽታዎችን የሚያጠኑ ሰዎች ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1993 ስለ ሐሩር ክልል ሕክምና በሚታተም አንድ የእንግሊዝኛ የጥናት መጽሔት ላይ፣ በአሰላ ሆስፒታል የታዩ 389 ሕሙማንን የሚመለከት ጽሑፍ ወጥቶ ነበር። በሽታው ሐኪሞች «አገርሺ ትኩሳት»፣ ሰዉ በአጭሩ «ግርሻ» የሚለው ነው። ድንገት ያተኩሳል፤ ራስና መገጣጠሚያ ይሰብራል፤ ጥቂት ቀናት ቆይቶ ይለቃል፤ ታማሚው «ተመስገን፣ ተሻለኝ» ብሎ ወደ ሥራው ሲመለስ እንደገና ይጥለዋል። የሚያስተላልፈው የልብስ ቅማል ነው። ሰው ሲያክክ ወይም ቅማሉን በጥፍሩ ሲደፈጥጠው የሚወጣው ፈሳሽ በተቧጨረ ቆዳ በኩል ይገባል። ደጋ አገር ልብስ ይደራረባል፤ በክረምት የታጠበ ልብስ ሳይደርቅ ቀናት ይፈጃል፤ ብርድ ሲጠና ቤተሰቡ በአንድ መደብ ተጠጋግቶ ያድራል። ለቅማል ከዚህ የተመቸ ነገር የለም።

መድኃኒቱ ርካሽ ነው። አንድ ጊዜ የሚሰጥ የፔኒሲሊን መርፌ ወይም የቴትራሳይክሊን እንክብል ይበቃል። በወረርሽኝ ጊዜ ሳይታከሙ ከቀሩት አሥር ሕሙማን ከአንድ እስከ አራት የሚሆኑት ሊሞቱ ይችላሉ፤ ከታከሙት ግን የሚሞተው ጥቂት ነው። ጣጣው ሌላ ነው። መድኃኒቱ በተሰጠ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ተሕዋስያኑ በጅምላ ሲሞቱ የታማሚው ሰውነት ይናወጣል፤ ይንቀጠቀጣል፣ ትኩሳቱ ይንራል፣ ቀጥሎም የደም ግፊቱ ያሽቆለቁላል። አልፎ አልፎ ሰው የሚሞተውም በዚሁ ሰዓት ነው። ይህ ነገር በሐኪሞች ዘንድ ከታወቀ መቶ ዓመት አልፎታል። ከአልጋው አጠገብ የቆመችው እናት ግን ማን ነገራት? በእግሩ የገባ ልጇ ከተወጋ በኋላ ሲንዘፈዘፍ አይታ «መርፌው ገደለብኝ» ብትል ማን ይፈርድባታል? «መድኃኒቱ ሲሠራ እንዲህ ያደርገዋል፤ እስኪለቀው እኛም አጠገቡ ነን» የተባለች እናትና ምንም ያልተነገራት እናት በዓይናቸው የሚያዩት አንድ ነው። ወደ ቀዬአቸው ይዘውት የሚመለሱት ወሬ ግን ለየቅል ነው። የሚቀጥለው ታማሚ ሆስፒታል መሄዱና መቅረቱም በዚያ ወሬ ላይ ያድራል።

ይህን ከአንድ አልጋ ዳር አንሥተን ወደ አገር እናስፋው። ወረርሽኝ ሲገባ መንግሥት ያዝዛል፤ ገበያ ይዘጋል፣ ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ ውኃ አፍልታችሁ ጠጡ ይላል፣ ለቅሶ ቤት አትሰብሰቡ ይላል። ማዘዙ ተገቢ ነው። ዳሩ ግን የታዘዘው ሕዝብ «በምን አወቃችሁ?» ብሎ ሲጠይቅ ምን ይመለስለታል? በአገራችን የወረርሽኝ ታሪክ ውስጥ ለዚህ ጥያቄ የተሰጡት መልሶች ልዩ ልዩ ናቸው። አንዳንዴ መልስ የሚሰጥ አልነበረም፤ አንዳንዴ መልሱ በባዕድ ቋንቋ ተጽፎ ባሕር ተሻገረ፤ አንዳንዴም ታውቆ ተዳፈነ።

የግርሻው ነገር ከሁለተኛው ወገን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አባል መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ1951 ባጸደቁት ደንብ መሠረት፣ አንድ መንግሥት በአገሩ ሲገኙ ለዓለም ሳይደብቅ ማስታወቅ ያለበት ስድስት በሽታዎች ነበሩ፤ ኮሌራ፣ ቸነፈር፣ ቢጫ ወባ፣ ፈንጣጣ፣ በቅማል የሚተላለፈው ተስቦ እና ይኸው ግርሻ። እ.ኤ.አ. በ1969 ደንቡ ሲሻሻል ተስቦና ግርሻ ከዝርዝሩ ወጡ። ከዓለም ጠፍተው አልነበረም፤ ኢትዮጵያ ግርሻ ሳይነቀል ከቀረባቸው ጥቂት አገሮች ዋነኛዋ ሆና ኖራለች። ለዚህ ጸሐፊ እንደሚመስለው በሽታው ሳሙናና ቅያሪ ልብስ ከተትረፈረፈባቸው አገሮች ሲለቅ፣ የመርከብና የአውሮፕላን ሥጋት መሆኑ ሲቀር፣ ወሬውም አብሮ ዋጋ አጣ። በጭላሎ ግርጌ የታመመው ሰው የዓለም ጉዳይ መሆኑ ቀረና የአሰላ ሆስፒታል ጉዳይ ብቻ ሆነ። 389ኙን ሕሙማን ቆጥረው የጻፉትን ሐኪሞች ማመስገን ይገባል፤ እነሱ ባይጽፉ ይህችም አትገኝም ነበር። የጥናት መጽሔት ግን ከሐኪም ለሐኪም የሚላክ ደብዳቤ ነው። ወደ ገበሬው ደጅ የሚያደርሰው ሌላ እጅ ይፈልጋል።

መልስ የሚሰጥ ያልነበረበትን ጊዜ ለማየት ደግሞ ወደ 1911 ዓ.ም. መመለስ ነው። በዚያ ዓመት ኅዳር ወር አዲስ አበባን የመታው የኅዳር በሽታ ዓለሙን ሁሉ የፈጀው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ አካል ነበር። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ራሳቸው በጽኑ ታመው ተርፈዋል፤ ኋላ ንጉሠ ነገሥት ሆነው በጻፉት የሕይወት ታሪካቸው በአዲስ አበባ ብቻ ከ10 ሺህ ሰው በላይ ማለቁን አስፍረዋል። ቀባሪ ጠፋ። የከተማይቱ ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ሳምንታዊው የአማርኛ ጋዜጣ «ብርሃንና ሰላም»ም መታተም የጀመረው ኋላ በ1917 ዓ.ም. ነው። መንግሥት በእጁ ያልያዘውን ማስረጃ ሊያካፍል አይችልም፤ ደግሞም ያኔ ማንም በእጁ አልያዘውም። የሰው ኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ተለይቶ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1933 ሲሆን፣ በ1918 የአውሮፓ ሊቃውንት ጥፋቱን በአንድ ባክቴሪያ ላይ አሳብበው ነበር። እኛ ዘንድ የቀረው ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስቦ በየደጃፉ ማጨስ ነው፤ «ኅዳር ሲታጠን» እያልን እስከ ዛሬ የዘለቅንበት። ጢሱ ቫይረስ ባይገድልም ደጅ እንዲጠረግ አድርጓል። ማንም ምክንያቱን ሳይነግረው በራሱ ልማድ ያደረገው ሕዝብ ነው፤ ለዚህ ጸሐፊ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ያ ወረርሽኝ በዓለም መድረክ ሌላም ነገር አስተምሮ ነበር። ፈረንጆቹ «የእስፓኝ ጉንፋን» ይሉታል። ከእስፓኝ ስለ ተነሣ እንዳይመስልዎት፤ የሚዋጉት መንግሥታት የወታደሩ ወኔ እንዳይላሽቅ በማለት ወሬውን በሳንሱር አፍነው ሲይዙ፣ በጦርነቱ ያልገባችው የእስፓኝ ጋዜጦች በነፃነት ስለ ጻፉ ነው። የተናገረው ስሙን ተሸከመ፤ የደበቁት በነፃ ሄዱ። ወረርሽኝን መንግሥታት ለምን እንደሚደብቁ ለማወቅ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ መፈለግ አያሻም። እውነት መናገር ዋጋ አለው፤ ዋጋውን የሚከፍለውም ብዙ ጊዜ የተናገረው ነው።

ቆጠራም እንዲሁ ያሳጣል። ፈንጣጣን ከምድረ ገጽ ለማጥፋት በተደረገው ዘመቻ ኢትዮጵያ ከመጨረሻዎቹ ምሽጎች አንዷ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1970 መንግሥታችን ለዓለም ያስታወቀው 722 ሕሙማን ነበር። ዘመቻው በጃንዋሪ 1971 ተጀምሮ በበቅሎም በእግርም ወደየመንደሩ ሲዘለቅ የዚያ ዓመት ቁጥር 26,329 ሆነ። በሽታው በአንድ ዓመት ውስጥ ሠላሳ ስድስት እጥፍ አላደገም፤ ድሮም እዚያው ነበር፤ ቆጣሪ አልነበረውም። አንድ ባለሥልጣን በዚያን ጊዜ «ይህ ቁጥር ያሳፍረናልና ይቅር» ቢል ኖሮ፣ ፈንጣጣ ዛሬም ከእኛ ጋር በሆነ ነበር። ሳይል ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1976 በኦጋዴን ምድረ በዳ ጫፍ የመጨረሻው ኢትዮጵያዊ ታማሚ ተገኘ፤ በሚቀጥለው ዓመት በሶማሊያ የዓለሙ የመጨረሻ። ከዘመቻው መሣሪያዎች አንዱ በፈንጣጣ የተያዘ ሕፃን ፎቶግራፍ ያለበት ካርድ ነበር። ሠራተኛው ካርዱን ይዞ በየገበያው «እንዲህ ያለ በሽታ አይታችኋል?» እያለ ይጠይቃል። ገበሬው ያየውን ይናገራል። እዚህ ላይ ማስረጃው ከላይ ወደ ታች ብቻ አልፈሰሰም፤ ከገበያው ወደ ሚኒስቴሩም ወጣ እንጂ።

ስለ ገበሬ ከተነሣ፣ አሰላ ማስረጃን እንዴት ማካፈል እንደሚቻል ያየች ከተማ ናት። ስዊድኖችና የኢትዮጵያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1967 በጋራ ያቋቋሙት የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ ሁሉም «ካዱ» የሚለው፣ መናገሻው አሰላ ነበር። ስለ ካዱ በጎም ክፉም ተጽፏል፤ ትራክተሩ ጭሰኛውን ከመሬቱ ያፈናቀለበት ታሪክ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል። አንድ ሥራው ግን ለጉዳያችን ይጠቅማል። አዲስ የስንዴ ዘርና ማዳበሪያ ለማስለመድ ሲያስብ ለገበሬው በወሬ ብቻ አልተናገረም፤ የሠርቶ ማሳያ ማሳ አዘጋጀ። ገበሬው ማዳበሪያ የገባበትንና ያልገባበትን ጎን ለጎን ያያል፤ ዛላውን በእጁ ይመዝናል፤ ጎረቤቱን ይጠይቃል፤ ከዚያ ይወስናል። እምቢ ያለውም ያየውን አይቶ ነው። የአርሲ ገበሬ «በምን አወቃችሁ?» የሚለውን ጥያቄ መጠየቅም መልሱን መመርመርም እንደሚችል በዚያ ማሳ ላይ ታይቷል። በጤና ጉዳይ ሲሆን ለምን «አይገባውም» እንደሚባል ግልጽ አይደለም።

አሁን ታውቆ ወደ ተዳፈነው እንምጣ።

በሚያዝያ 1998 ዓ.ም. አካባቢ ከጋምቤላ የተነሣ የተቅማጥ ወረርሽኝ ኦሮሚያን ጨምሮ ብዙ ክልሎችን አዳረሰ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ታመው በመቶዎች የሚቆጠሩ ሞቱ። በሽታው በይፋ የተሰጠው ስም «አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት» ነበር፤ ሲያጥር «አተት»። ኮሌራ የሚለው ቃል ከመንግሥት አንደበት አልወጣም። ከዚያ በኋላ በተነሡት ወረርሽኞችም፣ በ2008 ዓ.ም. አዲስ አበባን ጭምር በጎበኘው እንኳ፣ ራዲዮኑም ፖስተሩም አተት እንዳሉ ቀጠሉ። ቃሉ በቋንቋችን ሥር ሰደደ፤ ልጆች ሳይቀሩ ያውቁታል። ኮሌራ መሆንና አለመሆኑ ግን የምሥጢር ጉዳይ አልነበረም። በላቦራቶሪ ሰገራን መርምሮ ተሕዋሲውን መለየት የታወቀ ሥራ ነው። ጎረቤታችን ሱዳንም በዚሁ ስያሜ ተሸሽጋለች፤ ብቻችንን አልነበርንም።

ለዚህ የሚቀርበው መከራከሪያ ሙሉ በሙሉ ከንቱ አይደለም። «ስሙ ምንም ይሁን ሕክምናው አንድ ነው፤ ስኳርና ጨው ያለበት ንጥረ ነገር በውኃ በጥብጦ መስጠት፣ ለጠናበት ግሉኮስ መስቀል፣ ውኃ ማከም፣ መጸዳጃ መቆፈር። ታዲያ ስሙን ጠርቶ ቡናችንን ማን ይግዛን?» ይባላል። ሥጋቱ ከሜዳ የመጣ አይደለም። ፔሩ እ.ኤ.አ. በ1991 ኮሌራ ገባብኝ ብላ በተናገረች ጊዜ በንግድና በቱሪዝም 770 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንዳጣች ይገመታል። ሕንድም በ1994 በሱራት ከተማ ቸነፈር በተሰማ ጊዜ ከዚያ የበለጠ ከስራለች። የዓለም ጤና ድርጅት ኮሌራ ባለበት አገር ላይ የንግድና የጉዞ እገዳ እንዲደረግ አይመክርም፤ ነጋዴ ግን ምክር ሰምቶ አይፈራም። የ1951ና የ1969 ደንቦችም «ተናገሩ» ብለው አዘዙ እንጂ የተናገረ ለሚደርስበት ጉዳት ካሣ አላሰቡም። ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራበት አዲሱ ደንብ የበሽታ ስም ከመዘርዘር ይልቅ «ዓለም አቀፍ ሥጋት የሚሆን ማንኛውም ነገር» ይላል፤ ካሣን በተመለከተ ግን ያው ነው።

ነገሩ እ.ኤ.አ. በ2017 ዓለም አደባባይ ወጣ። ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ ለሰባት ዓመታት ገደማ የጤና ጥበቃ ሚኒስትር የነበሩት ዶክተር ቴዎድሮስ አድኃኖም ለዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተርነት ሲወዳደሩ፣ በዘመናቸው የኮሌራ ወረርሽኞች ተሸፋፍነዋል የሚል ክስ በኒውዮርክ ታይምስ ቀረበባቸው። እሳቸው አስተባበሉ፤ ደጋፊዎቻቸውም ወረርሽኙ ላቦራቶሪ በሌለበት ጠረፍ እንደነበርና ስሙ ቢለያይም ሕክምናው እንዳልተጓደለ ተከራከሩ። ምርጫውንም አሸነፉ። የምርጫውን ነገር እንተወውና ወደ አርሲ እንመለስ፤ የስሙ ዋጋ በግልጽ የታየው እዚያው ሠፈር ነውና።

በ2007 ዓ.ም. በምዕራብ አርሲ ዞን፣ በሻሸመኔና በዙሪያዋ፣ በአፍ የሚሰጥ የመከላከያ ክትባት ለሕዝብ ታድሎ ነበር። ክትባቱ የኮሌራ ነው። ለሌላ ለምንም ተቅማጥ ተብሎ የተሠራ አይደለም። ሥራው የተሳካ እንደ ነበረና ምን ያህል ገንዘብ እንደ ፈጀም በጥናት መጽሔት ታትሟል፤ በእንግሊዝኛ። እንግዲህ ውድ አንባቢ፣ የሻሸመኔን ሰው ቦታ ይያዙና ያስቡት። በራዲዮ የሚነገርዎት አገርዎ የገጠማት አተት ነው። በጠርሙስ የሚሰጥዎት የኮሌራ መድኃኒት ነው። «ሕክምናው አንድ ስለሆነ ስሙ ለውጥ የለውም» የሚለው መከራከሪያ እዚህ ላይ ይሰበራል። ለኮሌራ ክትባት አለው፤ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ለአደጋ ጊዜ የተከማቸ ዓለም አቀፍ መጋዘንም አለው፤ ከመጋዘኑ የሚጠይቅ ግን በሽታውን በስሙ መጥራት ይኖርበታል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለው የአባቶች አነጋገር ለአንድ ሰው የተባለ ነበር፤ ለመንግሥትም የሚሆን መሆኑን ያስተዋለ ያለ አይመስልም።

በ2011 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ፣ ዶክተር አሚር አማን ሚኒስትር በነበሩ ጊዜ፣ መንግሥት በአገሪቱ ኮሌራ መግባቱን በይፋ ተናገረ። ሰማይ አልተደፋም። ቡናውም መሸጡን ቀጠለ።

ዓመት ሳይሞላ ኮሮና መጣ። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው ታማሚ መገኘቱ ተነገረ፤ ሹመታቸው ገና ትኩስ የነበረው ሚኒስትር ዶክተር ሊያ ታደሰ በየቀኑ መግለጫ ማውጣት ጀመሩ። «ባለፉት 24 ሰዓታት» የሚለው ሐረግ ያንን ዘመን ለኖረ ሁሉ እንደ ጸሎት መክፈቻ በጆሮው ይደውላል። ስንት ተመረመረ፣ ስንት ተገኘበት፣ ስንት አገገመ፣ ስንት አረፈ። ከአተቱ ዘመን ጋር ሲነጻጸር ይህ ትልቅ እርምጃ ነበር፤ ሊመሰገን ይገባል። ነገር ግን ቁጥር ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። አሰላ የተቀመጠ ሰው በዕለታዊው መግለጫ የሚያገኘው በአብዛኛው «ኦሮሚያ ክልል» የሚል መስመር ነበር፤ ኦሮሚያ ደግሞ ከብዙ የአውሮፓ መንግሥታት የሰፋ ምድር ነው። በሽታው ከጎረቤት ቀበሌ ይሁን ከወለጋ ጫፍ በዚያ መስመር አይታወቅም። በነሐሴ 2012 ዓ.ም. አገር አቀፍ የምርመራ ዘመቻ ሲታወጅ ቁጥሩ ተመነጠቀ፤ የፈንጣጣው ታሪክ ተደገመ ማለት ነው። «ብዙ ስለ መረመርን ብዙ አገኘን» የሚለውን ማብራሪያ የሰማ ሰማ፤ ያልሰማው በሽታው በአንድ ሳምንት እንደ ሰደድ እሳት የተነሣ መስሎት ደነገጠ። እውነተኛው ስፋት ኋላ በጥናት ሲታይ ደግሞ ከሁለቱም ግምት የራቀ ነበር። በጅማ ሕክምና ማዕከልና በአዲስ አበባው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሠራተኞች ላይ በተደረገ የደም ምርመራ፣ በየካቲት 2013 ዓ.ም. ከግማሽ የሚበልጡት በሽታው ነክቷቸው ነበር። በዚያን ጊዜ በይፋ የተመዘገበው የመላ አገሪቱ ታማሚ ቁጥር ከ160 ሺህ ብዙ የራቀ አልነበረም።

ማስረጃ ሳይታይ የተነገረም አለ። በዚያው መጋቢት የኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር ከጤና ሚኒስቴር ጋር ሆኖ፣ በአገር በቀል ዕውቀት ላይ የተመሠረተ የኮሮና መድኃኒት ምርምር መሠረታዊ ደረጃውን እንዳለፈ አስታወቀ። አገር ተደሰተ፤ ማን ይፈረድበታል? ተመራማሪዎች ግን «ውጤቱን አሳዩን» አሉ። ካዱ የሠርቶ ማሳያ ማሳውን ሳያሳይ «ስንዴው ምርጥ ነው» ቢል ኖሮ የጭላሎ ገበሬ ምን ይል እንደ ነበር መገመት አያዳግትም።

ከሁሉ የከበደው የምርጫው ጉዳይ ነበር። ነሐሴ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ሊደረግ የታሰበውን ምርጫ በኮሮና ምክንያት ማካሄድ እንደማይቻል የምርጫ ቦርድ ሲያስታውቅ፣ መጋቢት 22 ቀን፣ በአገሪቱ የተገኙት ሕሙማን ከ30 አይበልጡም ነበር። ሰኔ 3 ቀን የፌዴሬሽን ምክር ቤት በሕገ መንግሥት ትርጉም የምክር ቤቶችን ዕድሜ ሲያራዝም፣ ምርጫው የሚደረገው የጤና ሚኒስቴር፣ የኢትዮጵያ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትና የሳይንሱ ማኅበረሰብ ወረርሽኙ ሥጋት አለመሆኑን ካረጋገጡ በኋላ ነው አለ። በመስከረም 2013 ዓ.ም. ሚኒስትሯ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ቀርበው ጥንቃቄ እየተደረገ ምርጫ ማካሄድ እንደሚቻል ገለጹ፤ ምክር ቤቱም መስከረም 12 ቀን ተቀበለው። በዚያ ቀን የተመዘገበው ታማሚ ከ60 ሺህ በላይ ነበር።

ከ30 በታች ሲሆን አይቻልም፣ ከ60 ሺህ በላይ ሲሆን ይቻላል። ይህ የግድ ቅራኔ አይደለም። በመካከሉ ስለ በሽታው ብዙ ታውቋል፤ ጭምብል በአገር ውስጥ ተመርቷል፤ የምርመራ ጣቢያ በዝቷል፤ ሌሎች አገሮች ምርጫ አድርገው ታይተዋል። ምክንያቱ ለሕዝቡ መስመር በመስመር ቢዘረዘርለት ይገባው ነበር። የሕግ ሊቃውንት በሕገ መንግሥቱ አንቀጾች ላይ ሲከራከሩ አገር በቴሌቪዥን ተከታትሏል፤ የጤናው ማስረጃ ግን የዚያን ያህል ሰፊ መድረክ አላገኘም። ምን ዓይነት ቁጥር ሲደረስ «ይቻላል» እንደሚባል አስቀድሞ የተነገረ መለኪያ ስላልነበረ፣ ተቃዋሚው «ሥልጣን ለማራዘም ነው» ሲል፣ ደጋፊው «ሕይወት ለማዳን ነው» ሲል፣ ሁለቱም እኩል ይናገሩ ነበር። የትግራይ ክልል ጳጉሜን 4 ቀን የራሱን ምርጫ አደረገ። ከዚያ የተከተለው የታወቀ ነው። መንስኤው የኮሮና ማስረጃ ነበር የሚል ሞኝ የለም፤ ነገር ግን መተማመን በሳሳበት ጊዜ ያልተዘረዘረ ምክንያት ምን ያህል ቀዳዳ እንደሚያሰፋ ያን ዓመት አይተናል።

ችግሩ የድሃ አገር ብቻ አይደለም። የብሪታንያ መንግሥት በዚያው ወቅት «ሳይንሱን እየተከተልን ነው» እያለ አገር ሲዘጋ፣ ሴጅ የሚባለው አማካሪ የሊቃውንት ጉባኤ አባላት እነማን እንደሆኑና ምን እንደመከሩ ሕዝቡ አያውቅም ነበር። ስማቸውና ቃለ ጉባኤያቸው የወጣው ጩኸት ከበረታ በኋላ፣ በሜይ 2020 ነው። ሲወጣ ሊቃውንቱ በብዙ ነገር እርግጠኛ እንዳልነበሩ ታየ። «እዚህ ላይ አናውቅም» የሚል ዓረፍተ ነገር በመንግሥት ወረቀት ላይ ማየት ለእንግሊዙም አዲስ ነገር ነበር።

በነሐሴ 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ኮሌራ በባሌ ዞን ሐረና ቡሉቅ ወረዳ ተነሣ። ባሌ የአርሲ የጎን ጎረቤት ነው፤ ከብቱም ገበያውም ዘመዱም የተያያዘ ነው። ወረርሽኙ ወደ ሌሎች ክልሎች ተዛምቶ ዓመታት ቆየ። በዚህ ጊዜ ግን ከመጀመሪያው ኮሌራ ተባለ፤ በየጊዜው የሚወጣው ሪፖርትም ወረዳዎቹን በስም ይዘረዝር ነበር። ሪፖርቱ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ከዚያ ወደ ሥራ ቋንቋው ወደ ኦሮምኛ፣ ከዚያም ወደ ቤት ቋንቋ የሚያወርደው አብዛኛውን ጊዜ በየቀበሌው ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ ከ30 ሺህ በላይ እንዲህ ያሉ ሴቶች ሠልጥነው ተሰማርተዋል። ደብተሯን ይዛ፣ ጭቃ እየረገጠች፣ የውኃ ማከሚያውን በእጇ አንጠልጥላ በር ታንኳኳለች። የቤቱ ባለቤት ቡና እያቀረበች «ምንጩ መበከሉን በምን አወቃችሁ?» ብትላት፣ የምትመልስላትን ወረቀት በቋንቋዋ ጽፎ በዚያ ደብተር ውስጥ የሚያስቀምጥላት ማን እንደሆነ እስካሁን በግልጽ አልተወሰነም።